በእንግሊዝ ያልተፈቀደ ቀሪ፦ የቤተሰብ ጉዞና ቅጣቱ

ትምህርት ሳይዘጋ ልጅን ይዞ ለዕረፍት መጓዝ በእንግሊዝ የወላጅ መብት አይደለም። የመንግሥት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር የሚፈቅዱት «ልዩ ሁኔታ» አለ ብለው ሲያምኑ ብቻ ነው፤ የአውሮፕላን ቲኬት መርከሱ ልዩ ሁኔታ አይባልም። ማመልከቻውም ከጉዞው በፊት መግባት አለበት።

ብዙዎችን የሚያደናግረው አቆጣጠሩ ነው። መዝገቡ የሚቆጥረው ግማሽ ቀን ነው፤ ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት አንድ። በ10 የትምህርት ሳምንት ውስጥ 10 ያልተፈቀደ ቀሪ፣ ማለትም 5 ሙሉ ቀን፣ ከሞላ ቅጣት መጣል አለበት ወይ የሚለው ይታያል። ቀሪዎቹ የግድ ተከታታይ አይደሉም፤ ሁለት ዓርብና ሦስት ሰኞ ተደምረው ይሞላሉ። ይህን የማያውቅ ወላጅ ብዙ ነው።

እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2024 ወዲህ ቅጣቱ 160 ፓውንድ ሲሆን፣ በ21 ቀን ውስጥ ለከፈለ 80 ነው። የሚጣለው ግን በእያንዳንዱ ወላጅ ላይ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ነው። ሁለት ወላጅ፣ ሁለት ልጅ፦ ቶሎ ቢከፈል እንኳ 320 ፓውንድ። በ3 ዓመት ውስጥ ለዚያው ልጅ ከተደገመ ቅናሹ ይቀራል። ለሦስተኛ ጊዜ ከሆነ በቅጣት ወረቀት አያልቅም፤ ፍርድ ቤት ሊያደርስና እስከ 2,500 ፓውንድ ሊያስቀጣ ይችላል። በ28 ቀን ውስጥ አለመክፈልም ወደ ክስ ያመራል።