«ፕሮግራሙ ተበላሽቷል» ከማለት በፊት፦ ስለ አማተር ሬዲዮ ሶፍትዌሮች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነና በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር የጀማሪዎች ሥራ ነው።» ይህ ስህተት መሆኑን ለማሳየት ብዙ ክርክር አያስፈልግም። አማተሮች፣ ማለትም በትርፍ ጊዜያቸው በሬዲዮ የሚገናኙ ሰዎች፣ በስፋት የሚጠቀሙበትን ኤፍቲ8 የተባለውን የዲጂታል መገናኛ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2017 ከስቲቭ ፍራንኬ ጋር የሠሩት ጆ ቴይለር፣ በ1993 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሁለት ሳይንቲስቶች አንዱ ናቸው። ዘዴውን የሚያሠራው ደብሊውኤስጄቲ-ኤክስ የተባለ ፕሮግራምም ሙሉ ኮዱ ማንም እንዲያየው ክፍት ነው።

«ሲግናሉ እየታየ መልእክቱ ካልተነበበ ችግሩ የፕሮግራሙ ነው።» ሱሉልታ ባለው ቤቴ እኔም አንድ ሙሉ ቅዳሜ በዚህ እምነት አሳልፌያለሁ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ፣ የማዘርቦርድ ባትሪው ያለቀበት አሮጌ ኮምፒውተሬ ሰዓቱን ስለረሳው ስልኬን እያየሁ በእጄ አስተካከልኩት፤ ከዚያ በኋላ የሲግናሎቹ መስመሮች በስክሪኑ ላይ ደምቀው ሲወርዱ የጽሑፉ መስኮት ባዶ ቀረ። ፕሮግራሙን ሁለት ጊዜ አጥፍቼ እንደገና ከጫንኩ በኋላ ነው ሰዓቱ 4 ሰከንድ መቅደሙን ያወቅሁት። የኤፍቲ8 መልእክት 12.64 ሰከንድ የሚፈጅ ሆኖ በየ15 ሰከንዱ በሚከፈት ተራ ስለሚላክ፣ የላኪና የተቀባይ ሰዓት በ1 ሰከንድ ውስጥ መገጣጠም አለበት። የሚገርመው፣ ሙሉ 3 ሰዓት መሳሳት ንባቡን አይከለክልም፤ የሚያበላሸው የግንኙነት መዝገቡን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት በዩቲሲ (አማተሮች በሚመዘግቡበት ዓለም አቀፍ ሰዓት) 06:00 መሆኑን የዘነጋ ሰው ይህ ይደርስበታል። የሰዓት ልዩነትን በሰከንድ በሚያሳየው ዲቲ በሚለው የፕሮግራሙ ዓምድ ሥር ሁሉም ጣቢያዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነበለ ቁጥር ካሳዩ፣ የተሳሳተው የእርስዎ ሰዓት ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ አነስተኛ የዩኤስቢ ጂፒኤስ መቀበያ ሰዓቱን ያስተካክላል።

«ድምፁ በጨመረ ቁጥር ሲግናሉ ይጠራል።» ተቃራኒው እውነት ነው። ከኮምፒውተሩ ወደ ሬዲዮው የሚገባው ድምፅ ሲበዛ ኤኤልሲ የተባለው የሬዲዮው የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ ይነሣና 50 ኸርትዝ ብቻ መያዝ የነበረበት ሲግናል ተዛብቶ በአጠገቡ የሚልከውን የሌላ ጣቢያ ቦታ ይወስዳል። ኤፍቲ8 ደግሞ ከጫጫታው (ሲግናሉን ከሚሸፍነው የሬዲዮ ረብሻ) 20 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ያለ ሲግናል ማንበብ ስለሚችል ኃይል መጨመር የመጀመሪያው መፍትሔ አይደለም። እኔ እንጦጦ ከከተማው ጫጫታ ጋርዶኛል ብዬ ስጽናና፣ ጫጫታው የሚወጣው ከራሴ በረንዳ አምፖል ነበር።

«ሬዲዮው ሊኑክስ ከተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ጋር አይግባባም።» አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ፈቃድ ነው፤ ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ተጠቃሚው ከሬዲዮው ጋር የሚያገናኘውን ወደብ ለመጠቀም በሚያስችለው፣ ዳያላውት (dialout) በሚባለው የተጠቃሚዎች ቡድን ውስጥ ገብቶ ኮምፒውተሩን ዳግም ሲያስነሣ ችግሩ ይፈታል።

«ፕሮግራመር ያልሆነ ሰው ለፕሮግራሙ እርማት የሚያበረክተው ነገር የለም።» በእኔ ግምት ከሁሉም የሚጎዳው አስተሳሰብ ይኸኛው ነው። የፕሮግራሙ ገንቢ ሱሉልታ መጥቶ የእርስዎን አንቴና መስማት አይችልም፤ የተቀዳውን ድምፅ ግን በራሱ ኮምፒውተር ደጋግሞ ሊያጫውት፣ ኮዱ የሚሰናከልበትንም መስመር ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ «አይሠራም» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ፣ ሁሉንም አስቀምጥ የሚለውን ምርጫ ከፍቶ ያልተነበበውን ተራ ማስቀረት፣ የፕሮግራሙን ቅጂ ቁጥርና የኮምፒውተሩን ሥርዓት ጨምሮ መላክ ይሻላል። የአንድ ተራ የድምፅ ፋይል 360 ኪሎባይት ያህል ስለሆነ፣ በሚቆራረጠው የሞባይል ዳታችንም ይሄዳል።