ሶሺዮሎጂ በሰሜን ሸዋ፦ የአራት ዓመት ኮርስ እንዴት ይያዛል?

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አዲስ ገቢ ተማሪ መጀመሪያ የሚማረው ብርዱን ነው። ዩኒቨርሲቲዋ በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ ከሚሰጣቸው የማኅበራዊ ሳይንስ ትምህርቶች አንዱ ሶሺዮሎጂ፣ ማለትም የኅብረተሰብ ጥናት ነው።

እዚህ አገር ኮርስ ማቀድ ከረጅም ዝርዝር ደስ ያለውን መርጦ መመዝገብ አይደለም። ሥርዓተ ትምህርቱ በአገር ደረጃ አንድ እንዲሆን ተደርጓል። በየትኛው ሴሚስተር ምን እንደሚወሰድ አስቀድሞ ተቆርጧል። ለተማሪው የሚቀረው ጊዜውን ማብቃቃት፣ የኮርሶቹን ትስስር ማወቅና የሚያጠናውን ቦታ መምረጥ ነው። ቀላል ቢመስልም አራቱን ዓመት የሚለየው ይሄው ነው።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በማኅበራዊ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ከሦስት ወደ አራት ዓመት አድጓል። ፍሬሽማን የሚባለው፣ የጋራ ኮርሶች የሚወሰዱበት የመጀመሪያ ዓመት ያን ጊዜ ተመለሰ። ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክና ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብም ጭምር ይወሰዳል። ብዙው ተማሪ ይህን ዓመት እንደ ማለፊያ ያየዋል። ግን የትምህርት ክፍል የሚደለደለው በምርጫና በውጤት ነው። ፍሬሽማን ላይ የተዝናና ሰው የፈለገው ሳይሆን የተረፈው ዲፓርትመንት ሊደርሰው ይችላል።

ስለ ጊዜ ካነሳን፣ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በአውሮፓው አቆጣጠር 5 ነጥብ ይይዛል። ይህም 135 የሥራ ሰዓት ማለት ነው። በሳምንት 3 ሰዓት ለ16 ሳምንት ክፍል ቢገባ 48 ይሆናል። ቀሪው 87 ሰዓት የንባብና የአሳይመንት ነው። ስድስት ኮርስ የያዘ ተማሪ እንግዲህ በሳምንት 50 ሰዓት ገደማ መሥራት ይጠበቅበታል። እንደዚያ የሚሠራ ስንት አለ? ሃንድአውት ይዞ የፈተና ሳምንትን የሚጠብቀው ይበዛል።

ወደ ትስስሩ ስንመጣ፣ መግቢያው ኮርስ ላይ በስም የተዋወቁት የሶሺዮሎጂ ቀደምት አሳቢዎች ዱርኬም፣ ማርክስና ቬበር በቲዎሪ ኮርስ በደንብ ይመጣሉ። የገጠር፣ የከተማ፣ የቤተሰብና የሥነ ሕዝብ ኮርሶች እነሱ ላይ ይቆማሉ። የጥናት ዘዴና ስታቲስቲክስ ደግሞ ለመመረቂያ ጽሑፉ መሠረት ናቸው። «ከሒሳብ ሸሽቼ ነው ሶሻል የገባሁት» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ስታቲስቲክስ ግን እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ሌላው ኮርስ ቢበላሽ ይካካሳል፤ እነዚህ ሁለቱ ከተበላሹ የመጨረሻው ዓመት ጭንቅ ነው።

ቦታ መምረጥን በተመለከተ ሰሜን ሸዋ የታደለ ዞን ነው። አሜሪካዊው ሶሺዮሎጂስት ዶናልድ ሌቪን በፈረንጆቹ 1965 ላሳተመው የአማራ ባህል ጥናት መንዝ ውስጥ ኖሮ መረጃ ሰብስቧል። እዚያው መንዝ ጓሳ የሚባለው የሣር ምድር አለ። ሕዝቡ ለዘመናት ሣሩን በራሱ ሕግ ሲጠብቅ ኖሯል። ተመራጭ አለቃ ነበረው፣ መሬቱ ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲደርስ ይከፈትና ቤት የሚከደንበት ሣር ይታጨዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ኋላ ደግሞ በሌላ መልክ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆነ። የጋራ ሀብት፣ ሥልጣን፣ የመንግሥትና የገበሬ ግንኙነት ሁሉ እዚህ ይገኛል። ከደብረ ሲና ቁልቁል ሲወረድ ደግሞ ሸዋ ሮቢትና ማሾ የሚመረትበት ቆላ፣ ባለ ሽመናው የአርጎባ ሕዝብም አለ። ደብረ ብርሃን ራሷ ፋብሪካ እየበዛባት፣ ተፈናቃይ እየተጠለለባት የምትለወጥ ከተማ ናት።

ስለዚህ ብልህ ተማሪ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ አንድ የጥናት ቦታ ይይዛል። ለገጠር ሶሺዮሎጂ ስለ ወንፈልና ደቦ፣ ለቤተሰብ ኮርስ ስለ ውርስ፣ ለጥናት ዘዴ ስለዚያው ቀበሌ ፕሮፖዛል ይጽፋል። አራተኛ ዓመት ሲደርስ ግማሹ ንባብ አልቋል። ለየኮርሱ አዲስ ርዕስ የሚያሳድደው ጓደኛው በእያንዳንዱ ከዜሮ ይጀምራል።

መጠይቁም ቦታውን ካላወቀ ዋጋ የለውም። «ወርሃዊ ገቢዎ ስንት ነው?» የምትለዋ ጥያቄ ከሌላ ጥናት ተገልብጣ በየጊዜው ትመጣለች። የመንዝ ገበሬ ግን የወር ደመወዝ የለውም። በግ ሸጦ ማዳበሪያ ይገዛል፣ በግ ሸጦ ልጁን ደብተር ያስይዛል። «ዘንድሮ ስንት በግ ሸጡ? ለምን ጉዳይ?» ቢባል ያወራል። ያለውን የከብት ቁጥር ግን በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ አይመከርም፤ ጠያቂው ግብር ሰብሳቢ ይመስለዋል።

ቀኑም ይታሰብበት። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ ለመጠይቅ የሚቀመጥ ሰው አይገኝም። ክረምት ላይ ጭቃው መንገድ ይዘጋል። ደጋው ላይ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 ባለ እግዚአብሔር ገበሬው ስለማያርስ ከቤቱ ወይም ከዝክር ቤት ይገኛል። የገበያ ቀን ሰው ይበዛል፣ ግን ሁሉም ይቸኩላል።

የቡድን ሥራን በአጭሩ እንለፈው፦ አምስት ስም፣ አንድ ሠሪ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። 50 በመቶ ያላመጣ ተማሪ ኮርሱን ቢጨርስም ዲግሪውን አይወስድም፤ ዳግም መፈተን ግን ይችላል። ፈተናው የመመረቂያ ጽሑፍ በሚጠናቀቅበት ወቅት ላይ ስለሚመጣ ሁለቱ ይጋጫሉ። ካላንደሩ ካልተዛባ በሁለቱ ሴሚስተር መካከል ያለችው ዕረፍት ውቂያ ካለቀ በኋላ ትውላለች። መረጃውን በዚያች ዕረፍት ሰብስቦ የጨረሰ የመጨረሻዎቹን ወራት ለመጻፍና ለመውጫ ፈተናው የሁለተኛ ዓመት ደብተሩን ለመከለስ ያውላቸዋል።