ቬሎሲቲ ምንድን ነው? ከፍጥነትስ በምን ይለያል?

ቀነኒሳ በቀለ በነሐሴ 1997 ዓ.ም. ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን አሻሻለ። የዚያን ቀን አማካይ ቬሎሲቲው ስንት ነበር? ዜሮ። ቀልዴን አይደለም።

መጀመሪያ ፍጥነቱን እናስላ። ሰዓቱ ወደ ሰከንድ ሲቀየር 1,577.53 ነው። 10,000ን ለዚህ ስናካፍል በሰከንድ 6.34 ሜትር ገደማ ይመጣል። በመኪና ቋንቋ በሰዓት 22.8 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። አንዱን ዙር በ63 ሰከንድ፣ ያውም 25 ጊዜ! (እኔ አንዷንም አልጨርሳት።) ይህ ቁጥር ወዴት እንደሮጠ አይነግረንም። እንዲህ አቅጣጫ የማይጠየቅበት መጠን ስካላር ይባላል። ጊዜና ሙቀትም እንደዚያው ናቸው።

ቬሎሲቲ ግን "ወዴት?" ይላል። አቅጣጫ ካልተነገረው ጎዶሎ ነው፤ ቬክተር የሚባለውም ለዚህ ነው። አማካዩ ሲሰላ እግር የረገጠው መንገድ አይቆጠርም። የሚቆጠረው ከመነሻ እስከ መድረሻ በቀጥታ ያለው ርቀት ነው። ቀነኒሳ ደግሞ 25 ሙሉ ዙር ሮጦ የጨረሰው እዚያው የተነሳበት መስመር ላይ ነው። ዜሮ ሜትር ለስንትም ሰከንድ ቢካፈል ያው ዜሮ ነው።

ግራ የሚያጋባን በአማርኛ ሁለቱንም "ፍጥነት" ማለታችን ይመስለኛል። ለመለየት "ቶሎታ" የሚል ቃል የተጠቀሙ መጻሕፍት አሉ። ታክሲ ውስጥ ግን ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

"አማካይ" የምትለዋን ቃል ግን እንዳትዘሏት። በየቅጽበቱ ሲለካ የቀነኒሳ ቬሎሲቲ ዜሮ አልነበረም። አማካዩ ዜሮ የሆነው በአንዱ ቀጥታ ወዲያ፣ በማዶው ቀጥታ ወዲህ ስለሚሮጥ እርስ በርስ ተጣፍተው ነው። ኩርባው ላይማ እርምጃው ባይቀንስም ባይጨምርም አቅጣጫው በየእርምጃው ይቀየራል። ስለዚህ ቬሎሲቲውም ይቀየራል። ይህን ለመቀየር ወደ ውስጥ የሚስብ ኃይል ያስፈልጋል፤ ሯጮች ኩርባ ላይ ወደ ውስጥ ዘንበል የሚሉት ለዚህ ነው።

ሚኒባስ አደባባይ ሲዞርም ያው ነው። መኪናው ወደ ግራ ይታጠፋል፣ እኛ ቀጥ ብለን መሄድ እንፈልጋለን፤ በቀኝ በኩል የተቀመጠው ሰውዬ ትከሻ ላይ እንወድቃለን። የፍጥነት ጌጁ ግን 30 ላይ ቆሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ያየናል።