አንድ ሆርሞን፣ ሁለት ስም
«ቫሶፕሬሲን» እና «ሽንት ቀናሽ ሆርሞን» ለብዙ ተማሪ ሁለት ነገር ይመስሉታል። አንድ ናቸው። ከ9 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ፔፕታይድ (አጭር የፕሮቲን ሰንሰለት) ነው፤ ሥራውን የሚቀይረው መጠኑ ነው።

ውሃ ሳንጠጣ ስንውል ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ዕጢ ጥቂት ይለቀቃል። ለኩላሊት ይቺው ትበቃዋለች። በኩላሊት ሴሎች ላይ ሆርሞኑን የሚይዘው ቪ2 የሚባለው ተቀባይ ይነቃል፣ ውሃው ወደ ደም ይመለሳል፣ ሽንታችን ጠቆር ያለ ቢጫ ይሆናል። (ቢራ ሽንት ቤት የሚያመላልሰን አልኮሉ ይህን ሆርሞን ስለሚያፍነው ነው።) ሆርሞኑ በዚህ ትንሽ መጠን ሲለቀቅ የደም ሥሮች ብዙም አይሰሙትም።

ብዙ ደም ሲፈስ ግን ሆርሞኑ በብዙ እጥፍ ይለቀቃል። ያኔ በደም ሥር ግድግዳ ላይ ያለው ቪ1 የሚባለው ተቀባይ ይነሳል፤ ሥሮቹ ይጠባሉ፣ ግፊት ይጨምራል። የሚገርመው፣ ቀድሞ የታወቀው ይሄኛው ሥራው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1895 ከዕጢው የተጨመቀ ፈሳሽ የእንስሳትን የደም ግፊት ከፍ ሲያደርግ ታይቷል።