አውትሶርሲንግ ምንድን ነው? የሕንድ ሶፍትዌር ያደገበት መንገድ

የሰፈራችሁ ምግብ ቤት እንጀራውን ራሱ ላይጋግር ይችላል። ወጡን ይሠራል፤ እንጀራውን ግን ጠዋት ጠዋት ከጋጋሪ ይረከባል። ጤፍ ተወደደ፣ መብራት ጠፋ፣ ሊጡ አልቦካ የሚለው ጣጣ የጋጋሪዋ ነው። እሱ ቆጥሮ ይረከባል፣ ቆጥሮ ይከፍላል። አውትሶርሲንግ ማለት ይኸው ነው፦ አንድ ድርጅት በራሱ ሠራተኞች ሊያሠራው የሚችለውን ሥራ ለሌላ ድርጅት በኮንትራት መስጠት። ተቀባዩ ባሕር ማዶ ሲሆን ኦፍሾሪንግ ይሉታል። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭኖ ዋሽንግተን ገበታ ላይ የሚቀርበው እንጀራ የዚህ ዘመድ ነው።

በኮምፒውተሩ ዓለም የሚሰጠው ሥራ ምንድን ነው? ብዙ ሰው የሚታየው ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ ስልክ የሚመልስ ወጣት ነው። እሱ ግን ዘግይቶ የመጣ ነው። ዋናው ሥራ ከዚያ የደበዘዘ ነው፦ የባንክን የሒሳብ ፕሮግራም መጠገን፣ የአየር መንገድን የትኬት ሥርዓት ከአሮጌ ማሽን ወደ አዲስ ማዛወር፣ የኢንሹራንስ ድርጅትን ሶፍትዌር መፈተሽ። ማንም የማያጨበጭብለት፣ ግን አንድ ቀን ቢቆም ሁሉም የሚጮህበት ሥራ ነው።

በዚህ ሥራ ከሕንድ በላይ ያደገ ታዳጊ አገር የለም፤ አነሣሷ ግን ብዙ ጊዜ እንደሚነገረው የተቃና አልነበረም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ታታ ኮንሰልታንሲ ሰርቪስስ የተባለው የሶፍትዌር ድርጅት ቦምቤይ ላይ የተቋቋመው በ1968 ነው። በ1974 በሮውስ ከተባለው የአሜሪካ አምራች ኮምፒውተር ሲያስገባ አንድ ግዴታ አብሮ መጣበት፦ የወጣውን የውጭ ምንዛሪ ሶፍትዌር ወደ ውጭ ሸጦ መመለስ። የዶላር ጭንቅን ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የሕንድ ሶፍትዌር ኤክስፖርት ከተወለደባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ጭንቅ ነው።

ቀጥሎ የአሜሪካው የኮምፒውተር ኩባንያ አይቢኤም ከሕንድ ወጣ። መንግሥት በ1973 ያወጣው የውጭ ምንዛሪ ሕግ የውጭ ኩባንያዎች ድርሻቸውን እንዲቀንሱ ያስገድድ ነበር፤ አይቢኤም አሻፈረኝ ብሎ በ1978 ዕቃውን ጠቀለለ። በተተወው ሜዳ ላይ የአገሬው ድርጅቶች ገቡ። አንደኛው ዊፕሮ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚታወቀው በምግብ ዘይትና በሳሙና ነበር።

በ1981 ሰባት መሐንዲሶች ፑኔ ከተማ ላይ ኢንፎሲስን ሲመሠርቱ መነሻቸው 10,000 ሩፒ ነበር፤ ያበደረችው ከመሥራቾቹ የአንዱ የናራያና ሙርቲ ባለቤት ናት። ሙርቲ ደጋግሞ እንደተናገረው ስልክ ለማስገባት አንድ ዓመት፣ ኮምፒውተር ለማስመጣት ደግሞ ከዚያ የረዘመ ጊዜ ጠብቀዋል። ታዲያ ኮምፒውተር የሌለው የኮምፒውተር ድርጅት ምን ይሸጣል? ሰው። ፕሮግራም ጸሐፊው አሜሪካ ይበራል፤ ደንበኛው ቢሮ፣ በደንበኛው ማሽን ይሠራል፤ ሒሳቡ በሰዓት ተሰልቶ ሕንድ ላለው ድርጅት ይከፈላል። ነገሩን ሊያቃልሉት የፈለጉ “ቦዲ ሾፒንግ” አሉት፣ ሰው ማከራየት እንደማለት። ለእኔ ግን የሚያሳፍር ነገር አይታየኝም። ሕንድ የተማረ ሰው መላክን ቀድሞም ታውቅበታለች፤ በንጉሡ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የተማሩ ስንት ወላጆቻችን ሒሳብና ፊዚክስን ከሕንድ መምህራን እንደተማሩ ጠይቁ።

ሰው መላኩ ቀርቶ ሥራው ራሱ ወደ ሕንድ እንዲመጣ ያደረገው የሳተላይት መስመር ነው። በ1985 ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የተባለው የአሜሪካ የቺፕ አምራች በደቡብ ሕንዷ ከተማ በባንጋሎር ቢሮ ከፍቶ በራሱ መስመር ከአሜሪካ ጋር ተገናኘ። በ1991 ደግሞ መንግሥት የሶፍትዌር ቴክኖሎጂ ፓርኮች የተባለ ተቋም አቋቋመ፤ ለትንንሾቹ ድርጅቶችም የሳተላይት መስመር አከፋፈለ፣ በኤክስፖርት ገቢያቸው ላይ የግብር እፎይታ ሰጣቸው። ሕንድ ኢኮኖሚዋን መክፈት የጀመረችውም በዚሁ ዓመት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። በዚያን ጊዜ የሕንድ መንገድ የተሰባበረ፣ ወደቡ የተጨናነቀ፣ መብራቱ የሚቆራረጥ ነበር። ጨርቅ ወይም ብረት ልላክ ያለ ሁሉ በእያንዳንዱ ጣጣ ውስጥ ያልፋል። ሶፍትዌር ግን ክብደት የለውም፤ ጉምሩክ አያስፈታውም፣ ዝናብ አያበሰብሰውም። ጄኔሬተር፣ የሳተላይት ሰሃንና እንግሊዝኛ የሚችል መሐንዲስ ያለው ድርጅት በዙሪያው ያለውን ችግር ዘሎት ይሄዳል። መሐንዲሱ ግን ከሰማይ አልወረደም። የባንጋሎር የሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1909፣ የአውሮፕላን ፋብሪካው በ1940 የተቋቋሙ ናቸው፤ የመጀመሪያው የሕንድ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ካራግፑር ላይ ሥራ የጀመረው በ1951 ነው። ሰውን የማስተማሩ ወጪ ከገቢው በአሥርተ ዓመታት ይቀድማል። “ሕንድን እንምሰል” የሚሉ ባለሥልጣናት ቶሎ የሚዘሉት ገጽ ይህ ነው።

የሰዓት ልዩነቱም አገዘ። የኒው ዮርኩ ሠራተኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ቢሮውን ሲዘጋ ባንጋሎር ሊነጋ ተቃርቧል። የተበላሸውን ማታ ልኮ ጠዋት ተጠግኖ ያገኘዋል።

ከዚያ የ2000 ዓ.ም. ስጋት መጣ። አሮጌዎቹ ፕሮግራሞች ዓመትን የሚጽፉት በሁለት አሃዝ ስለነበር፣ 00 ሲመጣ ኮምፒውተሩ 1900 ነው ብሎ እንዳያስብ ተፈራ። (የእኛ አቆጣጠር ገና 1992 ላይ ስለነበር ብዙዎቻችን ሽብሩን ከሩቅ ነው ያየነው።) ኮቦል በተባለ አሮጌ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉ ሚሊዮን መስመሮች አንድ በአንድ መፈተሽ ነበረባቸው፤ አሜሪካ ውስጥ ያን አሰልቺ ሥራ የሚሠራ በቂ ሰው አልተገኘም። ሕንዶቹ ሠሩት። የኢንፎሲስ አክሲዮን በ1999 ናስዳክ በተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ላይ ገባ፤ ከሕንድ ኩባንያዎች የመጀመሪያው ነው። ጥር ነግቶ ምንም ሳይፈርስ ሲቀር ደንበኞቹ አልሄዱም፤ ሌላ ሥራ ጨመሩ።

ዛሬ ዘርፉ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው ቀጥሮ በዓመት ከ200 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስገባል። ትርፉ እንዴት እንደሚገኝ በምሳሌ እንየው። ኒው ዮርክ ውስጥ በሰዓት 80 ዶላር የሚያስወጣ ሥራ በ25 ዶላር ተሰጠ እንበል። ደንበኛው 55 ዶላር ተረፈው። ድርጅቱ ከ25ቱ ደመወዝና ወጪ ቀንሶ የቀረውን ይይዛል። ስለዚህ ጥቂት አንጋፋዎችን ከላይ፣ ብዙ አዲስ ተመራቂዎችን ከታች አድርጎ ይደራጃል፤ ርካሹ ጉልበት ከታች ነው። ሥራ ያልተመደበላቸው “ቤንች ላይ ናቸው” ይባላል፤ ደመወዝ ይበላሉ፣ ገቢ አያስገቡም፣ ቀጣዩን ኮንትራት ይጠብቃሉ።

ድክመቱም እዚሁ ውስጥ አለ። የሚሸጠው የሰው ሰዓት እስከሆነ ድረስ ገቢን ለማሳደግ ሰው መጨመር ግድ ነው። የጠገነው ፕሮግራም የደንበኛው ንብረት ነው፤ ድርጅቱ እጅ የሚቀረው ልምዱ ብቻ ነው። ከታች ያሉት ጀማሪዎች የሚሠሩትን ተራ ኮድ አሁን የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች መጻፍ ሲጀምሩ መጀመሪያ የሚነቀነቀው መሠረቱ ነው። ደግሞም 5 ሚሊዮን ሥራ ትልቅ ቁጥር ቢመስልም ከ1.4 ቢሊዮን ሕዝብ አንጻር ጠባብ በር ነው፤ እንግሊዝኛና ዲግሪ የሌለው፣ ቢሃር በተባለው ድሃ ክፍለ ግዛት ያለ የገበሬ ልጅ በዚያ በር አይገባም። ለእሱ የግንባታና የፋብሪካ ሥራ ያስፈልገው ነበር።

ከባንጋሎር የሚወጣ ሶፍትዌር ሁሉ ግን አውትሶርሲንግ አይደለም። ለፋይዳ መታወቂያ ስትመዘገቡ አሻራችሁን የሚቀበለው ሥርዓት የተገነባው ሞሲፕ በተባለ ሶፍትዌር ላይ ነው፤ እሱም የመነጨው ከዚያው ከተማ፣ ከዓለም አቀፉ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ኮዱ ክፍት ነው፦ ፊሊፒንስም ሞሮኮም እኛም ያንኑ ወስደን ለራሳችን እንዲሆን እናስተካክለዋለን። የሰዓት ሒሳብ የሚልክ የለም፤ ማስተካከሉን የሚችሉ ባለሙያዎችን ማግኘት ግን የየአገሩ ፋንታ ነው።