«ለሰው እንዳትነግሪ»፦ የሌለ ነገር ስለማየትና ስለመስማት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐዋሳ ውስጥ የአእምሮ ሕክምና (ሳይካትሪ) ነርስ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ 12 ዓመት ሆነኝ። በእነዚህ ዓመታት አንድ አባባል በጣም ሰልችቶኛል። «የሌለ ነገር ያየ ሰው አብዷል፤ ካላበደም ሰይጣን ይዞታል።» ብዙ ሰው ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ መልስ ያለ አይመስለውም። ስለዚህ ያየው ሰው ይደብቃል። ቤተሰብም «ለሰው እንዳትነግሪ» ይላል። እኔ ጋ የሚመጡት ወራት ካለፉ በኋላ ነው። ይሄ ያናድደኛል።

«ድምፅ የሰማ ሰው አብዷል»

አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1894 እንግሊዝ አገር የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት 17,000 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ነቅታችሁ ሳላችሁ የሌለ ነገር አይታችሁ፣ ሰምታችሁ ወይም ነክቷችሁ ያውቃል? ከአሥሩ አንዱ ገደማ «አዎ» አለ። እነዚህ ሥራቸውን የሚሠሩ፣ ልጅ የሚያሳድጉ ተራ ሰዎች ናቸው።

ስልካችሁ ኪስ ውስጥ የነዘረ መስሏችሁ ስታወጡት ማንም ሳይደውል ቀርቶ አያውቅም? እሱም ያው ነው። አንጎል የሚጠብቀውን ነገር አንዳንዴ ራሱ ይሠራዋል።

«ሌሊት ስምህ ሲጠራ አቤት ካልክ ትሞታለህ»

እንቅልፍ ሊወስደን ሲል ወይም ልንነቃ ስንል ስማችን ሲጠራ መስማት በጣም የተለመደ ነው። አቤት ያለም ያላለም ጠዋት ተነስቶ ቁርሱን ይበላል።

«ጆሮዬ ጮኸ፣ ሰው እያማኝ ነው»

ጆሮ የሚጮኸው በራሱ ምክንያት ነው። ኩክ ሊደፍነው ይችላል። ከፍተኛ ድምፅ ያለበት ቦታ መዋልም ያመጣዋል። ለወባ የሚሰጠው ኩዊኒን የሚባል መድኃኒትም ጆሮ ያስጮኻል። ሳምንት ካለፈው ለሐኪም አሳዩት።

«ዱካክ ሰይጣን ነው፣ ደረት ላይ ይቀመጣል»

ይሄን ከተማሪዎችና ሌሊት ፈረቃ ከሚሠሩ ልጆች ደጋግሜ እሰማለሁ። አንዷ ትራሷ ሥር ቢላ አስቀምጣ ነበር የምትተኛው። እህቷ ደግሞ እዚያው አልጋ ላይ አብራት ትተኛለች። እኔን ያስፈራኝ ዱካኩ ሳይሆን ቢላው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕልም በምናይበት እንቅልፍ ውስጥ አንጎል ጡንቻዎቻችንን ይቆልፋቸዋል። ባይቆልፋቸው በሕልማችን ስንሮጥ ከአልጋ እንወድቅ ነበር። ዓይንና መተንፈሻ ብቻ ይሠራሉ። አንዳንዴ ታዲያ ሰውዬው ይነቃል፣ ቁልፉ ግን ገና አልተከፈተም። ዓይኑ ክፍሉን ያያል፣ እጁ አይታዘዝም። በጥልቀት ልተንፍስ ሲል ደረቱ እሺ አይለውም። ሕልሙ አልጠፋም፣ ፍርሃቱ አለ። ያኔ በሩ ጋ የቆመ ጥላ ይታያል። ከሰከንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይለቃል።

ከመቶ ሰው ስምንቱ ገደማ በሕይወቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይደርስበታል። ጃፓኖች ካናሺባሪ ይሉታል። ካናዳ ውስጥ ኒውፋውንድላንድ የሚባል ደሴት አለ፤ እዚያ ደግሞ አሮጊት መጥታ ደረታችን ላይ ተቀመጠች ይላሉ። አካሉ አንድ ነው፣ ስም የሚያወጣለት አገሩ ነው።

በጎናችሁ ተኙ፤ በጀርባ መተኛት ያባብሰዋል። የመኝታ ሰዓታችሁን አታዘበራርቁ። ፈተና ደረሰ ብላችሁ ጫት ይዛችሁ ሌሊቱን አትግፉት። ሲይዛችሁ ለመነሳት አትታገሉ፤ አንድ ጣት ወይም ምላስ ለማንቀሳቀስ ሞክሩ። ቢላውን ደግሞ ወደ ኩሽና መልሱት።

«የሞተ ሰው ድምፅ ከሰማች ሊወስዳት ነው»

አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ ማታ ማታ የከዘራውን ድምፅ ትሰማ ነበር። በሲሚንቶው ላይ፣ ከበሩ እስከ በረንዳው፣ ቀስ ብሎ። በአካሄዱ ሳይቀር ትለየው ነበር። ይሄን የነገረችኝ ለሙት ዓመቱ ስንሰናዳ፣ ሽንኩርት እየላጥን ነው። ዓመት ሙሉ ይዛው ቆይታለች። ሥራዬ ይሄ ሆኖ እንኳ ለእኔ ለመናገር ፈርታለች። «አበደች እንዳትይኝ» አለችኝ።

በፈረንጆቹ 1971 ዌልስ ውስጥ ዴዊ ሪስ የሚባል ሐኪም ባል ወይም ሚስት የሞተባቸውን 293 ሰዎች አነጋግሮ ነበር። ግማሽ ያህሉ የሞተውን ሰው አይተዋል፣ ሰምተዋል፣ ወይም አጠገባቸው እንዳለ ተሰምቷቸዋል። አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ለማንም ተናግረው አያውቁም። ብዙዎቹ ግን ነገሩ አጽናንቷቸዋል። ሐዘን ነው፣ በሽታ አይደለም። እናታችሁ እንዲህ ካለቻችሁ አታስደንግጧት። «ምን ሰማሽ?» በሏት።

«ስታረጅ ሰይጣን ታያለች»

በጣም የሚያበግነኝ ይሄ ነው፤ መፍትሔው ቅርብ ሆኖ ሳለ ሰው ስለሚሠቃይ።

ባለፈው ክረምት አንዲት ሴት አማቷን ይዛ መጣች። እማማ 75 ይጠጋሉ። ግድግዳው ጥግ ሕፃናት ይቆማሉ ይላሉ። ቁመታቸው ከጉልበት አያልፍም። የልብሳቸው ጥለት ሳይቀር ይታያቸዋል። ቤቱ ተረብሿል። ምራትየዋ ጎረቤት ቡና መጥራት ትታለች። ሰባት ወር ሙሉ ተጸልዮላቸዋል፣ ጠበል ተወስደዋል።

«እማማ፣ ልጆቹ ያናግሩዎታል?» አልኳቸው።

«ኧረ የለም። ዝም ብለው ነው የሚቆሙት።»

«ያስፈራሉ?»

«ምን ያስፈራሉ። መጀመሪያ እውነት መስሎኝ ቁርስ ስጧቸው ብዬ ነበር። ኋላ ልዳብሳቸው እጄን ብሰድ ግድግዳ ነው። እንደሌሉ አውቃለሁ እኮ ልጄ። ግን ይታዩኛል።»

ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ብርሃኑ ሲያርፍባቸው ሁለቱም ብሌኖች ወተት የፈሰሰባቸው ይመስላሉ። ሦስት ጣት አውጥቼ «ስንት ነው?» ብላቸው ከአንድ ክንድ ርቀት መቁጠር አልቻሉም። በሰባት ወር ውስጥ ዓይናቸውን ያየላቸው ሰው አልነበረም።

ይሄ ነገር ስም አለው። በፈረንጆቹ 1760 ሻርል ቦኔ የሚባል የጄኔቫ ተመራማሪ ስለ አያቱ ጻፈ። ሽማግሌው ዘጠና ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም፣ ዓይናቸውም በሞራ ምክንያት ደክሟል፤ አእምሯቸው ግን ንቁ ነበር። ሰዎች፣ ወፎች፣ ሠረገላዎችና ሕንፃዎች ይታዩዋቸው ነበር። ዛሬ በእሱ ስም፣ በእንግሊዝኛ አጠራር የቻርልስ ቦኔት ሲንድሮም ይባላል። ከዓይን የሚላክለት ምስል ሲያንስ፣ ለማየት የተሠራው የአንጎል ክፍል ሥራ አይፈታም፤ የራሱን ምስል ያወጣል። በፈረንጆቹ 1998 ለንደን ላይ ተመራማሪዎች እንዲህ የሚያዩ ሰዎችን አንጎል የውስጥ አካል ምስል በሚያነሳው ኤምአርአይ መሣሪያ ተመለከቱ። ፊት የሚታየው ሰው፣ ፊት የሚለየው የአንጎሉ ክፍል በእርግጥ ይሠራ ነበር። ስለዚህ እማማ አልዋሹም፣ አልጃጁም።

በአገራችን ለዓይነ ስውርነት ቀዳሚው ምክንያት የዓይን ሞራ ነው። ቀዶ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ጠበሉን ተዉ አላልኩም፤ እኔም የማምን ሰው ነኝ። ዓይናቸውንም አሳዩ ነው የምለው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። እማማ አንድ ዓይናቸውን ተሠርተው ሲመለሱ «ልጆቹስ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ቀሩ» አሉኝ። ሁሉም ላይ እንዲህ አይጠፋም። ግን ምን እንደሆነ ማወቁ ብቻ ብዙ ሰው ያሳርፋል። ምራታቸውም ቡና መጥራት ጀምራለች።

«እንግዲያው ምንም አያሳስብም»

ይሄም ስህተት ነው። ድምፁ «ራስህን ግደል»፣ «እሷን ምታት» የሚል ከሆነ በዚያው ቀን ይዛችሁት ኑ። ሰውዬው እየተከተሉኝ ነው ብሎ መብላትና መተኛት ካቆመም እንደዚያው። ሕመም ቢሆን እንኳ መድኃኒት አለው፤ ታክመው ሥራቸው ላይ ያሉ ብዙዎችን አውቃለሁ።

ትኩሳት ኖሮት የሚቃዥ ሰው ደግሞ ጤና ጣቢያ እንጂ ቤት አይቀመጥም። የምንኖረው ወባ ባለበት ስምጥ ሸለቆ ነው፤ ወባ አንጎል ላይ ከወጣ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ትናንት ደህና የነበሩ አዛውንት ዛሬ ድንገት ቀኑና ቦታው ከጠፋባቸው «እርጅና ነው» አትበሉ። የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል።

በየቀኑ አረቄ የሚጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆምም በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን እየተንቀጠቀጠ የሌለ ነገር ሊያይ ይችላል። ይሄ ገዳይ ነው። አቁም ብላችሁ ቤት ቆልፋችሁ አታስቀምጡት፤ ሲያቆም ሐኪም ይከታተለው።