የሚስማማ የታሮት እሽግ አመራረጥ

ዕድል ለማንበብ የሚያገለግል አንድ የታሮት እሽግ 78 ካርዶች አሉት። 22ቱ ታላቁ አርካና ይባላሉ፤ ሞኙ፣ ሞት፣ ግንብና ፀሐይ የሚገኙት በእነዚህ ውስጥ ነው። የቀሩት 56 ካርዶች ታናሹ አርካና ሲሆኑ በጽዋ፣ በሳንቲም፣ በሰይፍና በበትር ተከፍለው በየወገኑ 14 ይሆናሉ። የገዢ ዐይን ቀድሞ የሚያርፈው በ22ቱ ላይ ነው፤ ሻጮችም ለናሙና የሚያወጡት እነሱኑ ነው። እሽግን ከእሽግ የሚለየው ግን 56ቱ የተሣሉበት መንገድ ነው።

ታሮት በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ጣሊያን የተጀመረ የካርታ ጨዋታ ነው። ለሚላን ገዢዎች፣ ለቪስኮንቲና ለስፎርዛ ቤተሰብ፣ በወርቅ ተለብጠው ከተሠሩት እሽጎች የአንዱ 74 ካርዶች እስከ ዛሬ አሉ። ምንጩ ጥንታዊት ግብፅ ናት የሚለውን ወሬ እ.ኤ.አ. በ1781 ያሰራጨው ፈረንሳዊው ኩር ደ ጀብላን ሲሆን ማስረጃ አላቀረበም። ካርዶቹ ለዕድል ንባብ በሰፊው የዋሉት ከዚያ ወዲህ ነው።

የማርሴይ ታሮት የሚባለው የፈረንሳይ ዓይነት ቀለሙ ጥቂት፣ መስመሩ ደፋር ነው። ቁጥር ያላቸው ካርዶቹ ትዕይንት የላቸውም፤ አምስት ጽዋ ማለት አምስት ጽዋና የአበባ ሐረግ ነው። ቁጥርን ከወገን ጋር አዛምዶ ማሰብ የሚወድ ሰው ይረካበታል፤ ከሥዕሉ ታሪክ የሚጠብቅ ግን ባዶ እጁን ይቀራል።

ታሪክ የሚጠብቀው ሰው የሚያገኘው እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ውስጥ በታተመው እሽግ ነው። ራይደር የተባለው አሳታሚ አወጣው፤ አርተር ኤድዋርድ ዌይት ሐሳቡን አቀረበ፤ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ሣለችው። ለብዙ ዘመን የተጠራው ግን በራይደርና በዌይት ስም ብቻ ነው። ስሚዝ ቀደም ሲል በቴአትር ቤት የመድረክና የአልባሳት ሥራ ሠርታለች፤ በአንዳንድ ካርዶች ላይ ሰዎቹ የቆሙበት ወለል ከኋላው ገጽታ በመስመር ተለይቶ እንደ መድረክ የሚታየው ከዚያ የመጣ ይመስላል። በእርሷ አምስት ጽዋ ላይ ጥቁር ካባ የለበሰ ሰው በፈሰሱት ሦስት ጽዋዎች ላይ አቀርቅሯል፤ ከጀርባው የቆሙትን ሁለቱን አላያቸውም። ይህን ለመረዳት መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልግም። በዚያው ዓመት ለአንድ ወዳጇ በጻፈችው ደብዳቤ ትልቅ ሥራ በጣም ለጥቂት ገንዘብ እንደጨረሰች ተናግራለች። በታናሹ አርካና ዌይት ምን ያህል እንደመራት ያከራክራል፤ ሥዕሎቹን ልብ ብሎ ያየ ሰው የእርሷ መሆናቸውን መጠራጠር ይከብደዋል። ዛሬ በገበያ ላይ ካሉት ብዙዎቹ እሽጎች፣ በድመት ቢሣሉም በአበባ፣ የእርሷን ትዕይንቶች የሚከተሉ ናቸው። ለጀማሪም በመጀመሪያ የሚመከረው ይኸው ነው።

አሌስተር ክሮውሊ አስቦት ፍሪዳ ሃሪስ የሣለችው የቶት ታሮት እ.ኤ.አ. በ1938 እና በ1943 መካከል ተሠርቶ በእሽግ መልክ በሰፊው የታተመው ሁለቱም ካለፉ በኋላ ነው። ውበቱ አያጠያይቅም፤ ኮከብ ቆጠራንና ካባላ የተባለውን የአይሁድ ምሥጢራዊ ትምህርት ለማያውቅ ሰው ግን ይከብዳል።

ምርጫው ከታወቀ በኋላ የእጅ ጉዳይ ይመጣል። የተለመደው መጠን በግምት 7 በ12 ሴንቲሜትር ሲሆን ትንሽ መዳፍ ላለው ሰው መበወዙ ያስቸግራል። ጀርባውም ይታይ፦ ዲዛይኑ ላይና ታቹ የሚለያይ ከሆነ ካርዱ ሳይገለጥ ተገልብጦ መምጣቱ ይታወቃል፤ የተገለበጠ ካርድን ለይቶ ለሚያነብ ሰው ይህ ጨዋታውን ያበላሻል። የመጀመሪያው እሽግ በስጦታ ካልመጣ አይሠራም የሚባለውን የሚያከብሩ አሉ፤ ራሳቸው ገዝተው ለዓመታት የሚያነቡትም ጥቂት አይደሉም።

እሽጉ የትኛውን ዓይነት እንደሚከተል ሳጥኑ ላይ ካልተጻፈ ከታላቁ አርካና 8 ቁጥርን ማውጣት ይረዳል። በማርሴይ ፍትሕ ሚዛንና ሰይፍ ይዛ ትቀመጣለች፤ በ1909ኙ እሽግና በተከታዮቹ ግን ብርታት የአንበሳውን መንጋጋ ይዛ ትታያለች፤ ፍትሕ ወደ 11 ተዛውራለች።